«ጋዙ አልቋል» የሚለው ፍርድና የአስመጪው ድርሻ

የማቀዝቀዣና የማሞቂያ መኪና ገዝቶ በቤቱ ያስተከለ ሰው፣ መኪናው በደከመ ጊዜ ከጠጋኙ የሚሰማው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ «ጋዙ አልቋል»፣ ወይ «ሞተሩ ተቃጥሏል»። የፊተኛው ቃል ጋዝ ያስገዛል፤ የኋለኛው አዲስ መኪና ያስገዛል። ላይ ላዩን ለተመለከተው ሁለቱም ለነጋዴው ገበያ ናቸው። ይሁን እንጂ ምስክር ሳይሰማና ማስረጃ ሳይታይ የተሰጠ ፍርድ እንደማይጸና ሁሉ፣ ሳይመረመር የተደረገ ጥገናም ዘላቂ አይሆንም። ገዢውም ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘቡን ባወጣ ቀን የሚያማርረው ጠጋኙን ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን፣ ዕቃውን ያስመጣውን ነጋዴና የሸጠለትን ባለሱቅ ጭምር ነው።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት የተገዛ መኪና ዛሬ ቢጣል፣ የሚተካው በቀድሞ ዋጋው አይደለም። እንግዲህ ሊጠገን የሚችለውን መኪና «አይሆንም» ብሎ መጣል፣ ለገዢው ኪሳራ ለአገሩም የውጭ ምንዛሪ ብክነት መሆኑ አይካድም።

ገበያው «ኤሲ» እያለ የሚጠራው፣ መሐንዲሶች ደግሞ የሚያሞቀውን ዓይነት «ሂት ፓምፕ» የሚሉት መኪና አሠራሩ ከቤት ፍሪጅ የተለየ አይደለም። ሙቀትን አይፈጥርም፤ ካለበት አንሥቶ ወደሚፈለግበት ያጓጉዛል እንጂ። ስለዚህም ነው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ወደ ቤት ለማስገባት የሚችለው። በሽቦ የሚግለው ተራ ማሞቂያ ግን አንዱን በአንድ ከመመለስ አያልፍም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1852 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ጽፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ በስዊስ አገር የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ ከአጠገቡ ከሚፈሰው ወንዝ በተወሰደ ሙቀት መሞቅ ጀመረ። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም አዲስ አይደለም።

ጋዙ በዚህ መኪና ውስጥ ያለው ሥራ ምን እንደ ሆነ ያወቀ ሰው፣ «ጋዙ አልቋል» የሚለውን ቃል ያለ ጥያቄ አይቀበልም። ጋዝ ነዳጅ አይደለም፤ ጭነቱን የሚያመላልሰው ተሽከርካሪ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ አዲስ አበባ ያራገፈ የጭነት መኪና ስለ ሠራ ብቻ ጠፍቶ አይቀርም፤ ተመልሶ ይጭናል። ከዕለታት አንድ ቀን ቢጠፋ ባለቤቱ «አልቋል» አይልም፤ ወዴት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። በተዘጋ የመዳብ ቧንቧ ውስጥ የሚዞረውም ጋዝ እንዲሁ ነው። ቧንቧው ደኅና ከሆነ መኪናው በፋብሪካ በተሞላለት ጋዝ ዕድሜውን ሙሉ ይሠራል። ጋዙ ጐድሎ ከተገኘ የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መጨመር በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው።

ቀዳዳውን ማግኘትም ታላቅ ጥበብን የሚጠይቅ አይደለም። ጋዙ ከሞተሩ ዘይት ጋር ስለሚዞር፣ በሚያመልጥበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የዘይት ወዝ ይተዋል፤ ይልቁንም የውስጡንና የውጭውን ክፍል የሚያገናኙት ቧንቧዎች በብሎን በሚታሰሩበት አንገት ላይ። ሲተከል ጫፉ በአግባቡ ያልተከፈተ ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ ቧንቧ ሁልጊዜ የጥርጣሬ ስፍራ ነው። የሳሙና አረፋ ቀብቶ መመልከት፣ አረፋው ካልተናገረም ቧንቧውን በደረቅ ናይትሮጂን ሞልቶ ግፊቱ ይወርድ እንደ ሆነ መጠበቅ ይገባል። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ ይወጣል፤ በመጨረሻም ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይገባል። ትክክለኛው መጠን በመኪናው የስም ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ቧንቧው ከረዘመ የሚጨመረውም በመምሪያው ይገኛል። ቡናን ያለ ሚዛን የማይሸጥና የማይገዛ አገር፣ በውድ ዋጋ የሚገባውን ጋዝ በዓይን ግምትና «ቧንቧው በረዷል» በሚል ምልክት ሲሞላ ማየት የሚያስገርም ነው። ጥቂት ቢያንስ መኪናው ይደክማል፤ ቢበዛ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ሊሰብረው ይችላል።

እዚህ ላይ ለደጋው አገር የሚሆን አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እስከ 30 ኢንች ድረስ ምልክት ያለው የጠጋኞች መለኪያ፣ ቧንቧው ፈጽሞ ባዶ ቢሆን እንኳ በአዲስ አበባ ከ22 ወይም ከ23 ኢንች አያልፍም። ይህን ያላወቀ ሰው ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። የባሰው ደግሞ በዚህ ከፍታ መርፌው ቶሎ ስለሚቆም፣ ገና እርጥበት እያለ «ተጠናቋል» ብሎ ፓምፑን የሚያጠፋው ነው። የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆንና የሞተሩን ሽቦ ከውስጥ ይበላዋል። መድኃኒቱ ፍጹም ግፊትን በማይክሮን የሚያነብ የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ነው፤ 500 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ከጸና ሥራው ተሠርቷል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ ለአስመጪው ቦታ የማይፈጅ ሸቀጥ ነው።

ሁለተኛው ፍርድ፣ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚለው፣ ከፊተኛው ይልቅ ውድ ነው። ሞተሩ ኮምፕሬሰር ይባላል፤ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ በዋጋ የሚበልጠውም እርሱ ነው። ነገር ግን ጉር ጉር ብሎ ሳይነሣ የሚቀር ሞተር ሁሉ የተቃጠለ አይደለም። በተለመደው ዓይነት መኪና፣ ሞተሩን ለማስነሣት የሚረዳው ካፓሲተር የሚባል ጣሳ መሰል ትንሽ ዕቃ ነው። እርሱ በሙቀትና በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ሲደክም ሞተሩ ደኅና ሳለ የሞተ ይመስላል። ካፓሲተሩን በቴስተር መለካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም። ሞተሩ ራሱ የሚመረመርበትም ቀላል ሕግ አለ። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ በሦስቱ ጫፎች መካከል ያለው መቋቋም ሁለት ሁለት እየሆነ ሲለካ፣ የሁለቱ አነስተኛ ልኮች ድምር ከትልቁ ልክ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ አንዱ 2 ኦም፣ ሌላው 4 ኦም ቢሆን፣ ሦስተኛው 6 ኦም ይሆናል። ከጫፎቹ አንዱ ከሞተሩ ቆርቆሮ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ከተገኘ በእርግጥ ተቃጥሏል። ኢንቨርተር በተባለው አዲስ ዓይነት ግን ሦስቱም ልኮች እኩል ናቸው፤ በዚያ ዓይነት ሞተሩን የሚያሽከረክረው የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱ ከሞተሩ ይልቅ በቦርዱ ላይ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ሕግ በአዲሱ መኪና ላይ የሚሠራ ጠጋኝ ደኅናውን ሞተር ይኰንናል።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ደግሞ መኪናው የሚመገበው ኤሌክትሪክ ነው። በኢትዮጵያ ልኩ 220 ቮልት ነው። ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት ቮልቱ ሲወርድ፣ ሞተሩ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ብዙ አምፔር ይስባል፤ ስለዚህም ይግላል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስም፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ሞተሩ ይታገላል። ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያ ወይም ደኅና ስታቢላይዘር ከመኪናው ጋር አብሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ያላግባብ አላስወጣም፤ ይልቁንም ደንበኛውን ጠብቋል። እንዲሁም በአቧራ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ የሚያመጣው ድካም የጋዝ ጉድለትን ስለሚመስል፣ ማጣሪያውን በውኃ ማጠብ ከሁሉ የሚቀድም ጥገና ነው፤ ይህንም ገዢው ራሱ ሊሠራው ይችላል።

በደብረ ብርሃንና በመሳሰሉት ብርዳም ከተሞች ለማሞቂያ የሚሠራ መኪና፣ ሌሊት የውጭው ክፍል አመዳይ ለብሶ ቢታይና ማራገቢያው ቆሞ እንፋሎት ቢወጣው፣ ብልሽት አይደለም፤ አመዳዩን እያቀለጠ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። አመዳዩ ወደ ግግር በረዶ ከተለወጠና ካልቀለጠ ግን የሙቀት ጠቋሚው ወይም አቅጣጫ የሚቀይረው ቫልቭ መመርመር አለበት። ያቀዘቅዛል ነገር ግን አያሞቅም የሚባለውም መኪና ምርመራው የሚጀመረው ከዚሁ ቫልቭ ነው እንጂ ከጋዙ አይደለም።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ የጠጋኙ ሥራ ነው፤ የአስመጪው ድርሻ ምን ላይ ነው ይባል ይሆናል። ድርሻው እጅግ ብዙ ነው። ጠጋኙ ካፓሲተሩን ለክቶ መሞቱን ቢያውቅ እንኳ፣ በገበያው ትክክለኛው ከሌለ ሌላ ልክ ይገጥማል፤ ያም ሞተሩን ይገድለዋል። መኪናው በመስኮቱ ላይ በፊደልና በቁጥር ሕመሙን ቢናገርም፣ የምልክቶቹ ፍች ያለበት መጽሐፍ ከዕቃው ጋር ካልመጣ ንግግሩ ከንቱ ነው። መኪናውን አስመጥቶ መለዋወጫውንና መምሪያውን የተወ ነጋዴ ግማሽ ዕቃ አስመጥቷል።

ለመለዋወጫ የሚወጣ ገንዘብ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ለቦርዶች እውነትነት አለው፤ ቦርድ ለየሞዴሉ የተለየ ነውና። ነገር ግን ችግሩን ያመጣው በየዓመቱ ስሙንም ሞዴሉንም እየለዋወጡ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የማስመጣት ልማድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሞዴሎችን መርጦ ለብዙ ዓመት በእነርሱ የሚጸና አስመጪ፣ ለእነዚያ ብቻ ቦርድ፣ የማራገቢያ ሞተር፣ የሙቀት ጠቋሚና የቫልቭ ጥቅል ቢይዝ አይከስርም። ካፓሲተር ደግሞ ለብዙ ሞዴል የሚሆን ቀላል ዕቃ ነው። የብልሽት ምልክቶቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ በአማርኛ አሳትሞ ከየመኪናው ጋር መስጠት የሚያስወጣው የወረቀትና የተርጓሚ ዋጋ ብቻ ነው።

የባለሱቁም ድርሻ እንዲሁ አይናቅም። ጋዝ የሚሸጥ ሁሉ ገዢውን «ለየትኛው ጋዝ የተሠራ መኪና ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የአር-410ኤ መኪና በአር-22 አይሞላም፤ ግፊታቸውም ዘይታቸውም የተለያየ ነው። አር-32 እሳት የሚይዝ ነው፤ አር-290 የተባለው ፕሮፔን ደግሞ ይልቁን ይነዳል፤ ጋዙ ሳይወጣ ቧንቧውን በእሳት መበየድ ሕይወት ያጠፋል። ለጥገናም የሚሰጠው ደረሰኝ «ጋዝ ሙሌት» ብቻ የሚል ሳይሆን፣ የተለካውን ቮልትና አምፔር፣ ቀዳዳው የተገኘበትን ስፍራና የገባውን ጋዝ በግራም የሚገልጽ ቢሆን ጠቃሚ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በሚቀጥለው ጥገና ለጠጋኙ ምስክር፣ በዋስትና ክርክርም ለአስመጪው ማስረጃ ይሆናል። ሐሰተኛውን ጠጋኝም ከደኅናው ይለየዋል፤ ያልለካ ሰው የሚጽፈው ቁጥር የለውምና።

አሁን በውጭ አገር የተደረጉ ደንቦች ለአስመጪው አዲስ ፈተና አምጥተዋል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከሦስት ኪሎ ያነሰ ጋዝ የያዙ በአር-410ኤ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን አዲስ ለገበያ ማቅረብ ተከልክሏል፤ አንድ ኪሎው ወደ አየር ቢወጣ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃልና። በአሜሪካም ከዚሁ ቀን ጀምሮ የዚህ ዓይነት አዲስ የቤት መኪና መሥራትና ማስመጣት ተከልክሏል። እዚያ ገበያ ያጣ ዕቃ በሌላ አገር በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ ፕሮፎርማ የደረሰው አስመጪ ከዋጋው በፊት የጋዙን ስም ይመልከት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለጥገና የሚሆነው ጋዝ በምን ዋጋ እንደሚገኝም አስቀድሞ ያስላ።

ስለ አር-22 ማስላት እንኳ አያስፈልግም። የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነትና ማሻሻያዎቹ፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2030 መጀመሪያ አንሥቶ፣ ለጥገና ከሚተው ጥቂት መጠን በቀር፣ ይህን ጋዝ እንዲያቆሙ ወስነዋል። በመጋዘኑ አር-22 የከመረ ነጋዴና በዚሁ ጋዝ የሚሠራ አሮጌ መኪና ለመግዛት የተዋዋለ አስመጪ የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።