ሕጉ የዘጋው በር፣ ኳሱ የከፈተው መስኮት

«ኳስ ነው የሚያዩት፤ ምን ክፋት አለው?» ይሉኛል ወላጆችም፣ የሥራ ባልደረቦቼም። ከኳሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከሜዳው ዳር ከሚፈራረቀው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጋር ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም መጠጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። በጎ ሕግ ነው። ነገር ግን አርቃቂዎቹ «ቴሌቪዥን» ሲሉ የታያቸው የአገር ውስጡ ጣቢያ ብቻ ይመስላል።

እስቲ በአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ምሽት ወደ ዊንጌት ብቅ በሉ። በኳስ ማሳያ ቤቶቹ አግዳሚዎች ላይ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ተደርድረው ታያላችሁ። አብዛኛው ጨዋታ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተጀምሮ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ያበቃል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ማን እንደሆነ መምህራኑን ጠይቁ። እንቅልፉ አንዱ ጉዳት ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ውድድሩን ስፖንሰር ያደረገው የሔኒከን ስም 90 ደቂቃ ሙሉ በዓይናቸው ይመላለሳል። ሔኒከን ደግሞ የሩቅ አገር ጠማቂ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዝቶ፣ ኋላም ዋልያን ያመጣልን እርሱ ነው። በበር የተከለከለው በመስኮት ገባ ማለት ይህ ነው።

«ማስታወቂያ ልጅን አያሰክርም» የሚሉም አሉ። ወጣቶችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን ደጋግመው ያገኙት ሌላ ነው፤ የመጠጥ ማስታወቂያ አብዝቶ ያየ ልጅ ቀድሞ ወደ መጠጥ ያዘነብላል፤ የጀመረውም አብዝቶ ይጠጣል።

«የባዕድ ስርጭትን ማን ያግዳል?» የሚለውም ሰበብ አይዋጥልኝም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ ምክንያት የራግቢው ሔኒከን ካፕ በምድሯ «ኤች ካፕ» ተብሎ ነበር የሚጠራው። በሌላ አገር ስታዲየም የተሰቀለ የመጠጥ ሰሌዳ በቴሌቪዥኗ እንዳይታይ መከልከሏንም የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ደግፎላታል። ፈረንሳይ ጉልበት አላት ትሉኝ ይሆናል። እኛም ፈቃድ ሰጪዎች ነን፤ ጠማቂው እዚህ የሚጠምቀው በእኛ ፈቃድ ነው።

የውርርዱ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት እንግሊዞች መምህራን ላኩልን፤ ዛሬ የቁማር ድርጅት ስም የታተመበት ማሊያ ይልኩልናል። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንን ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ ለማንሳት ሲስማሙ እጅጌውን ትተውታል። ልጆቻችን እጅጌም ያነባሉ።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠማቂውን ጠርቶ «ሰሌዳህ ከልጆቻችን ዓይን ይነሣ» ለማለት ምን ይጠብቃል? ወረዳውስ በትምህርት ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ታዳጊ ተማሪ የሚያስገባውን ማሳያ ቤት እስከ መቼ በዝምታ ያልፈዋል?