ለሴቶች እግር ኳስ ዋጋ ተቆረጠ፤ ገዢው የት አለ?

ጎሕ ሲቀድ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን አቀበት ለተመለከተ ሰው፣ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡ ወጣት ሴቶች እንግዳ አይደሉም። ለምን እንደሚሮጡ የሰፈሩ ባለሱቅም፣ የታክሲው ረዳትም ያውቀዋል። ሩጫ ዋጋ የተቆረጠለት ሙያ ነው። የቦስተን ማራቶንን የምታሸንፍ ሴት 150 ሺህ ዶላር ትወስዳለች፤ ወንዱም የሚወስደው ያንኑ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ፣ ልጁን ለሩጫ የሚለቅ ቤተሰብ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የሚለቀው።

እዚያው የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ ሜዳ ላይ ኳስ የምትጫወት ልጅ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዋጋዋን የሚነግራት ገበያ አልነበራትም። አሁን ገበያው መጥቷል። ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የፊፋ የሴቶች ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ፣ አርሰናል የብራዚሉን ኮሪንቲያንስ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረትቷል። ለአሸናፊው የተመደበው ሽልማት 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዶላር ከ100 ብር በላይ በሚመነዘርበት በአሁኑ ጊዜ፣ ይህ ከ230 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። በጥር 2020 ዓ.ም. ደግሞ 19 ክለቦች የሚሳተፉበት የመጀመሪያው የሴቶች ክለቦች የዓለም ዋንጫ እንዲካሄድ ቀን ተቆርጦለታል።

የተጫዋቾቹም ዋጋ አብሮ እየወጣ ነው። ዛምቢያዊቷ ራሼል ኩንዳናንጂ በ2016 ዓ.ም. ከስፔኑ ማድሪድ ሲ.ኤፍ.ኤፍ. ወደ አሜሪካው ቤይ ኤፍ.ሲ. ስትዛወር፣ የተከፈለው ከ700 ሺህ ዩሮ በላይ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ዓመት ሳይሞላ ክብረ ወሰኑ ሚሊዮን ዶላር ተሻገረ።

ጥያቄው ኢትዮጵያ ከዚህ ገበያ በየትኛው በር ትገባለች የሚለው ነው። በሩ አንድ ነው፤ እርሱም የአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ነው። ውድድሩ በ2014 ዓ.ም. ሲጀመር ለአሸናፊው 400 ሺህ ዶላር ይከፍል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 600 ሺህ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ውድድሮች ዋንጫውን ያነሱት ክለቦች ሦስት ብቻ ናቸው። የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሁለት ጊዜ፣ የሞሮኮው የጦር ኃይሎች ክለብ ኤ.ኤስ. ፋር ሁለት ጊዜ፣ የኮንጎው ቲ.ፒ. ማዜምቤ አንድ ጊዜ። ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ ሰንዳውንስ የማዕድን ባለሀብቱ የሞትሴፔ ቤተሰብ ነው፤ ማዜምቤን ለረጅም ዓመታት የመሩት ደግሞ ነጋዴውና ፖለቲከኛው ሞይዝ ካቱምቢ ናቸው። ከአምስቱ ዋንጫ ሦስቱ የግል ካፒታል ከቆመበት ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ኢትዮጵያን በዚህ በር ያስገባት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ክለብ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሴካፋው ማጣሪያ ፍጻሜ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ። በ2015 ዓ.ም. በታንዛኒያው ጄ.ኬ.ቲ. ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ ሞሮኮው ውድድር አለፈ። እዚያ ከምድቡ ባያልፍም፣ ባንኩ ለዓመታት ያወጣው ገንዘብ ፍሬ ማፍራቱን አሳይቷል። ምስጋናው ይገባዋል።

ችግሩ ሌላ ላይ ነው። የሾላ ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ ገዢው አንድ ብቻ የሆነበት ሸቀጥ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው፤ ገዢው የቀረ ዕለት ደግሞ ሸቀጡ ይበሰብሳል። የአገሪቱ የሴቶች ክለቦች አብዛኞቹ በከተማና በክፍለ ከተማ አስተዳደሮች በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅቶች ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚታጠፈው ምን እንደሆነ ማንም አያጣውም። በአንድ ባንክ ቦርድ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ሙያ፣ ሙያ ሳይሆን ችሮታ ነው።

«ተመልካች የሌለውን ነገር ማን ይገዛል?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአፍሪካው ሻምፒዮን ኤ.ኤስ. ፋር ራሱ ለንደን ላይ በአርሰናል 6 ለ 0 ተሸንፏል። ለዓለም ዋንጫው በቀጥታ ከሚያልፉት መካከል አምስቱ የአውሮፓ ሲሆኑ፣ ለአፍሪካ የተሰጠው ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ነገ ዋንጫ ይመጣል ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ይከስራል። ሒሳቡ ግን ዋንጫው ላይ መሠራት የለበትም፤ መሠራት ያለበት ተጫዋቿ ላይ ነው። ሎዛ አበራ ከስዊድን እስከ ማልታ፣ ከንግድ ባንክ እስከ አሜሪካው ዲ.ሲ. ፓወር የተጓዘችው ጉዞ ዕቃው ውጭ ገዢ እንዳለው ያስረዳል። እርሷን የመሰለች ልጅ ስትሄድ በመጀመሪያ ያሠለጠናት የሰፈር ቡድን ምን ያገኛል? የፊፋ የዝውውር ደንብ ለወንዶች የሚያስከብረውን የሥልጠና ካሳ ለሴቶች ሳይፈቅድ ለረጅም ዓመታት ቆይቷል። ደንብ ያልሰጠውን ማስገኘት የሚችለው ውል ብቻ ነው፤ ውል የሚያዋውለው ደግሞ ባለቤት ያለው ክለብ ነው።

መንገዱም አዲስ አይደለም። የወንዶቹ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው፣ በ2013 ዓ.ም. የቴሌቪዥን መብታቸውን ለዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ለአምስት ዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት ውል ሸጠዋል። ከዚያ በፊት ያ መብት ዋጋ አለው ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። የሴቶቹ ሊግም በራሱ ማኅበር ቢቆም፣ ክፍለ ከተሞች ክለቦቻቸውን ከግል ድርጅቶች ጋር በሽርክና ቢይዙ፣ እያንዳንዷ ተጫዋች ከሽያጯ ለራሷና ላሳደጋት ቡድን ድርሻ የሚያስቀር ውል ብትፈርም፣ ለባለሀብቱ የሚታይ ሒሳብ ይኖራል። የአንድ ክለብ ዓመታዊ ወጪ ለአንድ ትልቅ አስመጪ ወይም ለአንድ የግል ባንክ የማስታወቂያ በጀት የሚከብድ አይመስልም።

ሕንፃ መሬቱ ከተወደደ በኋላ የገዛ ባለሀብት ከሲ.ኤም.ሲ. እስከ አያት ሞልቷል፤ ያተረፈው ግን ቦታው ሜዳ ሳለ የገባው ነው። የሴቶች እግር ኳስ ዛሬ ሜዳ ነው። ዋጋው በለንደን ከተሰቀለ በኋላ የሚመጣ ገዢ፣ ድስት ጥዶ እንደሚያለቅሰው ሰው ይሆናል።