የግድግዳ ውፍረትና የኤሌክትሪክ ሒሳብ

ቤት ለሰው ሁለተኛ ልብሱ ነው። ልብስ እንደ አገሩ አየር እንደሚመረጥ ሁሉ ቤትም እንደ አገሩ አየር መሠራት እንዳለበት አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ በደጋም ሆነ በቆላ በየከተማው ብዙ ቤት አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ፥ በላዩም ቆርቆሮ። ድሬዳዋንና ሰመራን በመሳሰሉ ደረቅና ሞቃት ከተሞቻችን እንዲህ ያለው ቤት ነዋሪውን ምን ያህል ያስከፍለዋል? ጥያቄው ዛሬ ሊመረመር ይገባዋል።

ደረቅ አገር የራሱ ጠባይ አለው። አየሩ እርጥበት፥ ሰማዩም ደመና ስለሚያንሰው ፀሐይ ቀን ያለ ከልካይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ደግሞ ምድር የያዘችውን ሙቀት ቶሎ ትለቃለች። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ የሚጠቅመው በዚሁ በቀንና በሌሊት ልዩነት ነው። ቀን ያገኘውን ሙቀት ይዞ ብዙ ሰዓት ያቆየዋል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ በሚደርስበት ጊዜ ውጪው ቀዝቅዞ፥ መስኮትም ተከፍቶ ይጠብቀዋል። በትግራይ የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ያለው ሕድሞ የዚህ ጥበብ ምስክር ነው።

ነገሩ በልማድ ብቻ የቀረ አይደለም። ግብፃዊው መሐንዲስ ሐሰን ፋትሂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በካይሮ ስለተደረገ አንድ ፈተና ጽፈዋል። አንደኛው የሙከራ ቤት 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጭቃ ጡብ፥ ሁለተኛው 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የኮንክሪት ገበታ ተሠራ። በጭቃው ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 ዲግሪ በላይ አልተለዋወጠም። በኮንክሪቱ ቤት ግን እስከ 36 ዲግሪ ወጣ፤ ይኸውም ከውጪው አየር እንኳ የበለጠ ነበር።

ይሁን እንጂ ውፍረት ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። ሌሊቱም ጭምር በሚሞቅበት አገር ግድግዳው የያዘውን ሙቀት የሚያራግፍበት ጊዜ አያገኝም፤ ሰውም የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ለመክፈት ይገደዳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው እንደ ፎም ወይም እንደ ማዕድን ጥጥ ያለ፥ በውስጡ የማይንቀሳቀስ አየር የያዘ ልባስ ነው። ኩዌት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ አዳዲስ ሕንፃዎች ሙቀት የሚከለክል ልባስ እንዲኖራቸው ያስገደደችው፥ መኪናው የሚበላው ኤሌክትሪክ ስለከበዳት ነው። ልባሱ ከግድግዳው በስተውጭ ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል፤ ግድግዳው ከፀሐይ ተጋርዶ የቤቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያልና።

ከግድግዳው አስቀድሞ ግን ጣሪያው ይታሰብ። በእኛ አገር የቀትር ፀሐይ የምትወርደው በአናት ላይ ነው። ግድግዳን አልብሶ ቆርቆሮን ያለ ኮርኒስና ያለ ልባስ መተው፥ ካባ ደርቦ በራቁት ራስ ፀሐይ ላይ እንደ መቆም ነው። መስኮትም ጥላ ካላገኘ፥ ሌሊትም ካልተከፈተ፥ ልባሱ የገባውን ሙቀት መልሶ ያፍነዋል።

«የዓባይ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኤሌክትሪክ ከተገኘ ለምን እንጨነቃለን?» የሚል አይጠፋም። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል እንዳለው እሙን ነው። ነገር ግን በአንድ የሙቀት ሰዓት የከተማው መኪና ሁሉ ሲከፈት ጭነቱን የሚሸከመው ሽቦና ትራንስፎርመር ነው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው ነዋሪው ነው። መኪና ለመግዛት ያልቻለው ደግሞ ሙቀቱን በገላው ይከፍላል።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ግድግዳውን የሚያቀጥነው ገንቢ ወይም አከራይ ነው፤ ትርፉ የእርሱ ሲሆን ዕዳው ግን ለብዙ ዓመት የተከራዩ ይሆናል። ተከራይ ግድግዳ ሊያወፍር አይችልም። ስለዚህ ነገሩ የግል ምርጫ ብቻ ሳይሆን የደንብ ጉዳይ ነው።

ነገ ፕላን የሚያጸድቁት የዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናቸው። ለቆላ ከተማ የቀረበ ፕላን ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ ጣሪያው ምን ለብሷል? ግድግዳው ሙቀትን በምን ይመክታል? መስኮቱስ በየት በኩል ጥላ ያገኛል? ብለው ሳይጠይቁ ማኅተም ባያሳርፉበት፥ ድካማቸው በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይታወቃል እንላለን።