ሩጫ እችላለሁ ማለት ሁሉንም እችላለሁ ማለት አይደለም!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታካሚ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው።

እኔ ተራ ሯጭ ነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሰፈር ወጥቼ እሮጣለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣለሁ፣ የታላቁ ሩጫን ቲሸርት በየዓመቱ እሰበስባለሁ። 44 ዓመቴ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር አሁንም ከአንድ ሰዓት በታች እጨርሳለሁ። ታዲያ ዘንድሮ አንዱ የሩጫ ጓደኛችን «ለምን ላንጋኖ ሄደን ትራያትሎን አንሞክርም?» ሲለን፣ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለማታውቁት፣ ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን ሳያቋርጡ አከታትሎ መጨረስ ነው። በኦሎምፒክ ላይ 1.5 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፣ 40 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይኬዳል፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እኛ ያሰብነው የዚህን ግማሽ ነው፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። «750 ሜትር ምን አላት?» አልኩ በልቤ። በሩጫ እኮ አራት ደቂቃ አትሞላም!

መዋኛ ገንዳ የገባሁ ቀን ግን ጉዴ ፈላ። ገንዳው 25 ሜትር ነው። ግማሹን ሳላልፍ ትንፋሼ አለቀ፣ ልቤ ደረቴን ሊቀድ ደረሰ፣ እየተንፈራገጥኩ ዳሩን ያዝኩ። አጠገቤ እንደ ዓሣ የምትመላለስ አንዲት የ9 ዓመት ገደማ ልጅ ቆም ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ አየሩን ውሃው ውስጥ ያውጡት እንጂ!» አለችኝ።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ስንሮጥ በፈለግን ሰዓት እንተነፍሳለን። ውሃ ውስጥ ግን ጀማሪ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን አምቆ ይይዛል። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የመታፈን ስሜት ይመጣል፣ ከዚያ ድንጋጤ ይከተላል። በዚያ ላይ የሯጭ እግር ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ደረቅ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ትልልቆቹን የጭን ጡንቻዎች ባንፈራገጥናቸው ቁጥር ደግሞ ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ሐይቅ ላይ ሲሆን የሚያዝ ዳር የለም። የላንጋኖ ውሃ ድፍርስ ነው፤ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ገና ሲገቡ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል።

ይሄ ዝም ብሎ ማስፈራሪያ አይደለም። በአሜሪካ የትራያትሎን ውድድሮች ላይ ከ1985 እስከ 2016 የደረሱ አደጋዎችን ያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ከሞቱት ወይም ልባቸው በድንገት ከቆመባቸው 135 ሰዎች ውስጥ 90ዎቹ አደጋው የደረሰባቸው ዋናው ላይ ነው። ሩጫው ላይ የደረሰባቸው 15 ናቸው። አስከሬናቸው ከተመረመረ 61 ሰዎች መካከል ደግሞ በ27ቱ ላይ የልብና የደም ሥር ችግር ተገኝቷል። ከተወዳዳሪው ብዛት አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች በሽተኛ ነን ብለው የሄዱ አልነበሩም፤ ስፖርተኞች ነበሩ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በቀን ስንት ሰው «ግፊትህን ተለካ» እያልኩ የራሴን ከተለካሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ለካሁ፤ 150/95። «ደክሞኝ ይሆናል» ብዬ በሌላ ቀን ደገምኩት፤ ያው ነው። እኔ! ጨው የምከለክለው፣ እንጦጦን የምወጣው ሰውዬ! አሁን እንደ ማንኛውም ታካሚ በባልደረባዬ ክትትል ላይ ነኝ።

የኔ አቋም ይሄ ነው፤ ሩጫ ለጤና ከምናውቃቸው ነገሮች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ቢሆንም ያዘናጋል። «ስፖርተኛ ነኝ» የሚለው ቃል ምርመራንም፣ ልምምድንም፣ ፍርሃትንም ያስረሳል። አዲስ ነገር ስንጀምር ደግሞ የምንችለውን ደጋግመን እንለማመድና የማንችለውን ለመጨረሻ እንተወዋለን። መሆን ያለበት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ እንደኔ ለመሞከር ያሰባችሁ ሯጮች፦

1. መጀመሪያ ተመርመሩ። በተለይ ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ፣ ስትሮጡ ደረታችሁን የሚጫናችሁ ወይም ራሳችሁን የሚያስታችሁ ከሆነ፣ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ሳትነሱ አትጀምሩ። አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ውሃ አትግቡ።

2. ሩጫውን ቀንሱና ዋናውን ጨምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአሠልጣኝ ጋር። 750 ሜትር ገንዳ ውስጥ ሳትቆሙ መዋኘት ካልቻላችሁ ሐይቅ አትሞክሩ።

3. ሐይቅ ላይ ብቻችሁን በፍጹም! አጠገባችሁ ጀልባና ላይፍ ጃኬት ይኑር። አንዳንድ ሐይቆቻችን ቢልሃርዚያ ስላለባቸው ቀድማችሁ ጠይቁ።

4. ብስክሌት ያለ ሄልሜት አይሆንም። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥንም ተለማመዱ፤ እግር የሰው እግር ነው የሚመስለው።

እኔ አሁን 200 ሜትር ደርሻለሁ። የላንጋኖውን ቀን ግን አራዝሜዋለሁ። ጓደኞቼ በቴሌግራም ግሩፓችን «ዶክተር፣ ፈራህ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። አዎ፣ ፈርቻለሁ። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አያቶቻችን ነግረውናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉትም እነሱ ናቸው። እኔ ቆሜ ልታጠቅ።

እናንተስ? ግፊታችሁን መጨረሻ የተለካችሁት መቼ ነው? በኮሜንት ንገሩኝ፤ ለሯጭ ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና!