«ስታክ አደረገ» ምርመራ አይደለም፦ በመግቢያ ላይ ስለሚደርቁ የሊነክስ ኮምፒዩተሮች

በሊነክስ የሚሠራ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ተቀብሎ አንድ ቀን በሰላም ይከፈታል፤ በማግሥቱ ግን ማውሱም ሰዓቱም ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። የተለመደው አባባል «ስታክ አደረገ» ነው፤ የተለመደው መድኃኒት ደግሞ ፎርማት ማድረግ። አባባሉ ጉዳት የለውም። መድኃኒቱ ግን የብልሽቱን ማስረጃም፣ ቅጂ ያልተያዘለትን የተመራቂ ተማሪ መረጃም አብሮ ያጠፋል።

ጉዳዩ በሰሜን ወሎ የተለየ ክብደት አለው። ወልድያ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበረችባቸው ወራት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከዚያ ወዲህ በወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ መርሳ በሚገኘው የግብርና ግቢ አንድን ኮምፒዩተር «አርጅቷል፣ ይጣል» ማለት ቅንጦት ነው። የፈቃድ ክፍያ የማይጠይቀውና አሮጌ ማሽን የማይንቀው ሊነክስ ተመራጭ የሚሆነውም በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነው።

መድረቁ በመግቢያ ላይ መሆኑ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ የግራፊክስ ካርዱ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ የይለፍ ቃሉ እንደገባ ግን የዴስክቶፑ ምስል፣ የተጠቃሚው ቅንብርና በርካታ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። የማይስማማ ድራይቨር፣ ጉድለት ያለበት ራም፣ የደከመ ወይም የሞላ ዲስክ ሁሉም በዚህች ቅጽበት ይጋለጣሉ። ምልክቱ አንድ፣ መንሥኤው ብዙ ነው። የመጀመሪያው መለያ ቀላል ነው፦ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3 በአንድነት ሲጫኑ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ከመጣ ከርነሉ በሕይወት አለ፤ ጥፋቱም በአብዛኛው በግራፊክሱ ወይም በተጠቃሚው ቅንብር ዙሪያ ይፈለጋል። ካልመጣ በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒዩተር መግባት ይሞከራል። ያም እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ከርነሉና ወደ ሃርድዌሩ ያዘነብላል፤ ራሙን በሜምቴስት ማሳደር የሚገባውም ያኔ ነው።

መብራት መቆራረጡ ሁልጊዜ ቀዳሚ ተከሳሽ ነው፤ አንዳንዴም በእውነት ጥፋተኛ ነው። ኤክስት 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት በድንገተኛ መጥፋት ጊዜ መዋቅሩን ይጠብቃል እንጂ በመጻፍ ላይ የነበረ የቅንብር ፋይል ሙሉ ይዘት እንዲተርፍ ዋስትና አይሰጥም። ይህን ለመፈተን አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ በእርሱ ደጋግሞ መግባት ይበቃል፤ ማንም ፋይል አይነካም።

የከሸፈው አነሣስ መዝገብ በጆርናልሲቲኤል ትእዛዝ ይነበባል፤ ይህ የሚሆነው ግን መዝገቡ በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አስቀድሞ ከተደረገ ነው። በማኅደረ ትውስታ ብቻ ከተያዘ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ድንገት የደረቀ ማሽን የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ሳይጽፍ ሊቀር መቻሉም አይዘነጋም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው «ተስተካከለ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከ10 መግቢያ በአማካይ አንዴ የሚደርቅ ማሽን፣ እያንዳንዱ መግቢያ ከሌላው ነጻ ነው ቢባል፣ ምንም ሳይነካ 5 ጊዜ በተከታታይ በሰላም የመከፈት ዕድሉ 59 በመቶ ነው። ድራይቨር ቀይሮ 5 ጊዜ ያስነሣ ባለሙያ እንግዲህ ምንም አላረጋገጠም። ይህ ዕድል ከ5 በመቶ በታች የሚወርደው 29 ተከታታይ መግቢያዎች ያለ እንከን ሲያልፉ ነው። በማሳ ሙከራ ላይ ድግግሞሽ የሚጠይቅ ተመራማሪ በራሱ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሙከራ የሚረካበት ምክንያት የለም። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ የዳነውን ማሽን ማድነቅም ያው ነው፤ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

በሩ ላይ ወረፋ ያለበት የኮምፒዩተር ባለሙያ «ፎርማት አንድ ሰዓት፣ ምርመራ ሦስት ቀን» ቢል አይፈረድበትም። ጥፋቱ ከራሙ ወይም ከዲስኩ ከሆነ ግን ማሽኑ ተመልሶ ያው በር ላይ ይቆማል። ጊዜ ከሌለ ቢያንስ የተጠቃሚው ማኅደርና የሎግ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ፤ ቀኑ፣ የከርነሉ ቁጥር፣ የግራፊክስ ካርዱ ዓይነትና የተለወጠው ነገር በአንድ መስመር ይጻፉ። የወልድያውና የመርሳው ግቢ ይህን መዝገብ በጋራ ቢይዙት ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸው ማሽኖች በተመሳሳይ ከርነል መድረቃቸውን መለየት የአንድ ሴሚስተር የተማሪ ሥራ ይሆናል፤ ለዚህም አንድ ደብተር ይበቃል።