የቤተሰብ ስም ያስፈልገናልን?

ከባሕር ዳር አጠገብ በምትገኘው በሰባታሚት ውቤ የሚባል ገበሬ አለ እንበል። ልጁን ዓለሙ ቢለው ዓለሙ ውቤ ይባላል። ዓለሙም በተራው ሴት ልጅ ወልዶ ጥሩነሽ ቢላት ጥሩነሽ ዓለሙ ትባላለች እንጂ የአያቷ ስም አብሯት አይሄድም። ይህን ላንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳሩ ግን ዓለሙ አሜሪካ ተሻግሮ ልጅቱ በዚያ ብትወለድ፣ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው ውቤ ነው። እንግዲህ ጥሩነሽ ውቤ የሚለው ወረቀት ባሕር ዳር ሲመጣ፣ ባገራችን አነባበብ ልጅቱ የዓለሙ እኅት ሆነች ማለት ነው። ዓለሙ ሞቶ ውርስ የሚጠየቅበት ቀን ሲደርስ ነገሩ ቀልድ አይሆንም።

ፈረንጆችስ ይህን የቤተሰብ ስም ከየት አመጡት? እዚሁ ጣና ዳር የኖረውን እስፓኛዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ጴድሮ ፓኤዝን እንመልከት። እርሱ በ1618 (በፈረንጅ አቈጣጠር) የዓባይን ምንጭ ግሼ ዓባይን አይቶ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ፓኤዝ ማለት «የፓዮ ልጅ» ማለት ነው። ስለዚህ ጥንት የነርሱም ስም እንደኛው ባባት ይጠራ ነበር፤ በኋላ ግን ረግቶ ቀረና ልጅ አባቱ ፓዮ ሳይሆን ፓኤዝ ይባል ጀመር።

በእስፓኝና በፈረንሳይ ወሰን ያሉት ባስኮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስማቸውን ያገኙት ከቤት ነው። ኤቼቤሪያ በቋንቋቸው «አዲስ ቤት» ማለት ነው። አዲስ ቤት የማይሠራበት መንደር ስለሌለ ስሙ በየስፍራው በቀለ፤ ስለዚህም ሁለት ኤቼቤሪያዎች ዘመዳሞች ላይሆኑ ይችላሉ። በእስፓኝ ከሁሉ የበዛው ጋርሲያ የሚለው ስም ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ሥሩን ወደ ባስክ ይመልሱታል። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይጠሩበታል፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ግን ያንድ አያት ልጅ አይደለም። የቤተሰብ ስም ዝምድናን ያሳያል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

እኛም ዘንድ ነገሩ ተሞክሯል። በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ደነገገ። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። በበኩሌ ሕዝቡን አልወቅሰውም። የ1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ የጎጃም ሰው ርስቱን የሚቈጥረው ባባቱም በእናቱም ወገን ነበር፤ ባባት ብቻ የሚወርድ ስም ግማሹን ዘር ይጥላል። እስፓኞች እንኳ ይህ ገብቷቸው ሁለት ስም፣ ያባትንና የእናትን፣ ይይዛሉ። ባገራችንም የልደት ማስረጃው የእናትን ስም መያዙ ከቤተሰብ ስም ይልቅ ይጠቅማል።

በውጭ አገር የሚወልዱ ወገኖቻችን ግን ቅጹ ሳይሞላ ቢያስቡበት ይሻላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ወላጅ ለልጁ የመረጠውን የቤተሰብ ስም መስጠት ይችላል፤ ዓለሙም «ዓለሙ» ብሎ ማስጻፍ አያቅተውም። እርግጥ ነው፣ በየአውሮፕላን ጣቢያው ያባትና የልጅ ስም አልገጠመም የሚል መርማሪ ይኖራልና የልደት ወረቀቷን በኪሱ ይዞ መዞር ሊኖርበት ነው።