ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል፤ በጀርመንኛም ቢሆን

በዚህ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጀርመንኛ የምንማር ተማሪዎች አለን። አንዳንዶቻችን የነርስነት ትምህርታችንን ስንጨርስ በዚያ አገር ለመሥራት እናስባለን፤ አንዳንዶቻችን ለከፍተኛ ትምህርት እንሰናዳለን፤ ሌሎቻችንም ቋንቋውን ወደነው ብቻ የጀመርን ነን። ምክንያታችን ቢለያይም ጭንቀታችን አንድ ነው። ሰዋስው ይጠናል፤ ቃላትም ይሸመደዳሉ። ነገር ግን ከአንድ ጀርመናዊ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ፣ ጉዳይም ሳይኖር፣ እንዲያው ለአምስት ደቂቃ ያህል መጫወት እንዴት ይቻላል? ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለንን አሳብ ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እንዲሁም ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ እንወዳለን።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። የጀርመንኛ ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። ሩቅ ያስመሰለው ቋንቋው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ስለሚሰጠን ነው። ከአማርኛና ከሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ተነሥተን በቀጥታ ብንሄድ መንገዱ ያጥራል።

አስቀድመን ስለ ፈተናው እንናገር። በጎተ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ማለት የኤ1 የቃል ፈተና፣ ተፈታኙ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ሰባት ነገሮች ይሰጡታል፤ እነርሱም ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሥራና የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ናቸው። ይህን አንድ ትጉህ ተማሪ በሳምንት ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ፈተናው ለጀማሪ የተዘጋጀ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ስምን፣ ዕድሜንና አድራሻን በተርታ መናገር የሚያስፈልገው በፈተና አዳራሽና በፖሊስ ጣቢያ ነው። በአውቶቡስ ፌርማታ አጠገባችን የቆመ ሰው «ዛሬስ ዝናቡ የሚያባራ አይመስልም» ሲለን ዕድሜያችንን ብንነግረው ምን ይለናል?

ነገሩ ለቀልድ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በጀርመን አገር የነርስነት ሙያው ታውቆለት ለመሥራት የሚሻ ሰው በአብዛኛው የቢ2 ደረጃ ይጠየቃል። ደረጃው የሚረጋገጠው በወረቀት ነው፤ ሥራው ግን የሚሠራው በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው። ሌሊቱን በሕመም ያሳለፉ አሮጊት ጠዋት መጋረጃው ሲገለጥ የሚፈልጉት «እንዴት አደሩ? ዛሬ እኮ ፀሐይ ወጥታለች» የሚላቸውን ሰው ነው። መድኀኒቱን በሰዓቱ ሰጥታ ዝም ብላ የምትወጣ ነርስ ሥራዋን አላጓደለችም፤ ሆኖም የእግዜር ሰላምታ እንደ ነፈገች ትቈጠራለች። በምሳ ሰዓትም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተቀምጣ የምትለው ሲጠፋት፣ ዓመት ሙሉ በሰው መካከል ብቻዋን ትኖራለች። ይህን ብቸኝነት የሚመዝን ፈታኝ የለም።

ለመሆኑ ጀርመኖች ይጫወታሉን? «ጀርመናዊ ቁም ነገር እንጂ ወሬ አይወድም» ሲባል እንሰማለን። በከፊል እውነት ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ረዥም ወግ መጀመር ልማዳቸው አይደለም። አጭሩን ጨዋታ ግን በየቦታው ያውቁበታል። ወደ ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ክፍል የሚገባ ሰው በዚያ ለተቀመጡት ሁሉ «ጉተን ሞርገን» ብሎ ይቀመጣል። በመሥሪያ ቤት ቀትር ላይ መተላለፊያው ውስጥ የሚገናኙ ሰዎች «ማልትሳይት» ይባባላሉ፤ ቃሉ የምግብ ሰዓት ማለት ሲሆን ሰላምታ ሆኖ ቀርቷል። የሱቅ ሒሳብ ተቀባይ መልካም ቀን ስትመኝ «ዳንከ፣ ግላይኽፋልስ» ተብሎ ይመለስላታል፤ «አመሰግናለሁ፣ ለእርስዎም እንዲሁ» ማለት ነው። ላነጠሰ ሰው እኛ «ይማርህ» እንደምንለው እነርሱ «ገዙንትሃይት»፣ ማለት ጤና፣ ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፈ ይጠያየቃሉ። በአየሩ ጠባይና በባቡር መዘግየትማ ማንም ከማንም ጋር ሊያማርር ይችላል።

ከሁሉ የምታስደንቀን «ና?» የምትባለው ቃል ናት። ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ አንዱ «ና?» ይላል፤ ሁለተኛውም «ና?» ብሎ ይመልሳል። እንዴት ነህ፣ ምን አዲስ ነገር አለ፣ ማለታቸው ነው። በአማርኛ ጆሮ ለሰማው ግን አንዱ ሌላውን እየጠራ ሁለቱም ከቆሙበት የማይነቃነቁ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። የጀርመንኛ ጨዋታ ጣዕሙ ያለው «ያ»፣ «ማል»፣ «ዶኽ» በሚባሉት ትንንሽ ቃላት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር እነዚህ ላይ ሲደርስ ይቸገራል፤ እንግሊዝኛ ለእነርሱ የሚሆን ቃል የለውምና። አማርኛ ግን አለው። «ዳስ ኢስት ያ ሾን» ማለት «ይህ እኮ ቆንጆ ነው» ማለት ነው፤ እዚህ ላይ «ያ» የእኛ «እኮ» ነው። «ኮም ማል ሄር» ሲባል «እስቲ ወዲህ ና» ማለት ነው፤ «ማል» የእኛ «እስቲ» ነው። «ቡና አትጠጣም እንዴ?» የተባለ ጀርመናዊ በአንድ ቃል «ዶኽ!» ብሎ ይመልሳል፤ «ኧረ እጠጣለሁ!» ማለቱ ነው። በእርግጥ በሁሉም ቦታ ልክ በልክ አይገጥሙም። ነገር ግን «እኮ» እና «እስቲ» እያለ ያደገ ልጅ የእነዚህን ቃላት ስሜት ከየትም አይበደርም፤ በአፉ ውስጥ አለ።

አንተና እርስዎ ማለትም እንዲሁ ነው። ጀርመንኛ «ዱ» እና «ዚ» ብሎ ይለያል፤ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ተማሪውን ያደናግረዋል። እኛ ግን ማን አንተ፣ ማን እርስዎ እንደሚባል በልጅነታችን ተቈጥተውን የተማርነው ነው። በጀርመን አገር «ዱ እንባባል» የሚለውን ፈቃድ የሚሰጠው በዕድሜ ወይም በማዕርግ ከፍ ያለው ነው፤ ታናሹ አይቀድምም። ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲሱ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የማይተዋወቁ ዐዋቂዎች ሲነጋገሩ ታላቁም ታናሹን «ዚ» ይለዋል። የአነጋገሩ ቅደም ተከተልም ቢሆን ቅርባችን ነው። ጀርመንኛ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሡን ወደ መጨረሻ ሲወስደው ብዙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይቸገራሉ። ግሥን እስከ መጨረሻ አቈይቶ መናገር ግን የአማርኛም፣ የጌዴኡፋም፣ የሲዳምኛም፣ የኦሮምኛም ተናጋሪ የዕለት ልማዱ ነው።

ይህን ስንል ልማዳችን ሁሉ እንዳለ ይተላለፋል ማለታችን አይደለም። ሦስት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፣ እኛ «እንዴት ነህ? ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና?» እያልን ደጋግመን ስንጠይቅ ፍቅራችንን መግለጣችን ነው፤ ጀርመናዊ ግን አንድ ጊዜ «ደኅና» ካለ በኋላ እንደ ገና ሲጠየቅ ያልታመነ ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛ፣ «አገባህ? ወለድህ? ደመወዝህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ለሰው ማሰብ ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ለአዲስ ትውውቅ የማይቀርብ ነው። ሦስተኛ፣ እኛ ሰው ሲናገር አዎን ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ይህን ያልለመደ እንግዳ የደነገጥን ይመስለዋል። በዚያ ፈንታ «አኽ ዞ»፣ «ገናው»፣ «ሽቲምት» የሚሉት ያገለግላሉ፤ በተራቸው «እንደዚያ ነው እንዴ»፣ «ልክ ነው»፣ «እውነት ነው» ማለት ናቸው። እነዚህን ሦስቱን በቦታቸው የሚጥል ተማሪ የጨዋታውን ግማሽ ጨርሷል፤ መስማትም መጫወት ነውና።

ቋንቋ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር በመቀመጥ እንደሚገኝ የሁለቱ አገሮች ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ፤ እኒህ መነኵሴ የአማራ ሰው ሲሆኑ አገራቸው መካነ ሥላሴ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ወደ ጎታ ከተማ ሄዱና ከሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው ያወጉት ጀመር። ሉዶልፍ ግእዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ያጠና ሰው ነበር፤ አማርኛን ግን ያገኘው ከእኒህ መነኵሴ አንደበት ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ግን በ1698 ታትሞ ወጣ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያምም ከ1905 ጀምሮ በርሊን ላይ ጀርመናውያንን አስተምረዋል። እነርሱ የእኛን ቋንቋ በዚህ ዐይነት ከተማሩ፣ እኛም የእነርሱን እንዲሁ የማንማርበት ምክንያት አይታየንም።

«ስለ ምን እንጫወት?» ለሚለውም የዲላ ተማሪ ርእስ አያጣም። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። በዚያ አገር በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ160 ሊትር በላይ ቡና ይጠጣል፤ ከቢራው ይበልጣል። ይርጋ ጨፌ የሚለውን ስም በቡና ከረጢት ላይ ያነበበ ጀርመናዊ፣ ያ ቡና ከእንሰት ጋር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደሚበቅል ቢነገረው ጆሮውን ይሰጣል። የጌዴኦ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮችም አሉን። የዝናቡ ነገርማ፣ ከእኛ ይልቅ ስለ ዝናብ ብዙ የሚያወራ ማን ይገኛል?

ሁለት ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። አንደኛው «ጨዋታ ፈተና አያሳልፍም» የሚል ነው። ነገር ግን የኤ1 የቃል ፈተና የቀሩት ክፍሎች ተፈታኞች እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁና አንዱ ሌላውን አንድ ነገር እየለመነ የሚፈተኑባቸው ናቸው። በቢ1 ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አብረው ያቅዳሉ። ይህ ጨዋታ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «አገር ያስተማረችው ነርስ እንዲሄድ መንገድ ትጠርጋላችሁ» ይሉናል። የሠለጠነ ሰው መሄዱ አገርን እንደሚጎዳ አንክድም። ሆኖም ሰው የሚሄደው ደመወዝና የሥራው ሁኔታ ሲገፋው ነው፤ መድኀኒቱም እዚያው መፈለግ አለበት። ቋንቋ ባለመማር የተያዘች አገር የለችም። የሚሄደው ወንድማችን አፉ ተፈትቶ ቢሄድ ክብሩ ይጠበቅለታል፤ የሚቀረውም የቡና ገዢውንና አገር ጎብኚውን በገዛ ቋንቋቸው ያነጋግራቸዋል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከዲላ እስከዚያ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው። በየሳምንቱ ልንመላለስ አንችልም። ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረቱ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት የሚሆን ክፍል ይፍቀድልን። በዚያ ቡና ይፈላል። በአቦል ጊዜ ሰላምታና የአየር ጠባይ ብቻ ይነገራል። በቶና ጊዜ አንድ ሰው አንድ ርእስ ያነሣል፤ ሌሎቹ እየጠየቁ ያጫውቱታል። እስከዚህ ድረስ ማንም ማንንም አያርምም፤ ቃል የጠፋበት በአማርኛ ወይም በእናቱ ቋንቋ ይሙላ እንጂ በእንግሊዝኛ አይዙር። በበረካ ጊዜ እያንዳንዱ ሊል ፈልጎ ያልቻለውን ይናገራል፤ መልሱንም አብረን እንፈልጋለን። ከመምህራኖቻችን መካከል በጀርመን አገር የተማሩ ቢኖሩ፣ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ቡና ጠጪ መጥተው ከእኛ ጋር እንዲቀመጡ በአክብሮት እንለምናለን።

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል ይባላል፤ የመጀመሪያውን የሚያነሣ ሰው ግን ያስፈልጋል። ጀበናውና ቡናው ከእኛ ነው፤ ስኒ ይዛችሁ ኑ።